ፊደል የማያውቀው ቴምፕሌት፦ የአንድ ጽሑፍ 20 ቀን

የመጽሔቱ ኢሜይል የደረሳት ሰኞ ጠዋት ነው። ጽሑፏ ተቀባይነት አግኝቷል። ደስታዋን ሳትጨርስ ከታች ያለችውን አንቀጽ አነበበች። የመጨረሻው ቅጂ በመጽሔቱ የላቴክ ቴምፕሌት ተሰናድቶ፣ ከነምንጭ ፋይሎቹ፣ በ21 ቀን ውስጥ ይላክ ትላለች።

ጓደኛዬ የሥነ ልሳን መምህርት ናት። ጽሑፉን የጻፈችው እንደ አብዛኞቻችን በወርድ ነው፤ 23 ገጽ፣ 7 ሠንጠረዥ፣ 4 ግራፍ። ላቴክን በስም ታውቀዋለች እንጂ ዓይኑን አይታው አታውቅም። እኔ ኮምፒውተር ሳይንስ ነው የማስተምረው። ቢሮዋ ከእኔ ቢሮ አንድ ፎቅ ከፍ ይላል። ላፕቶፗን አቅፋ ወረደችና «አንተ፣ ይቺን ነገር ዛሬ ከሰዓት እንገላገላት» አለችኝ። እኔም ሳላፍር «ሁለት ሰዓት ይበቃናል» አልኳት።

የላክነው በ20ኛው ቀን ማታ ነው። የእሷንም የመጽሔቱንም ስም እንዳልጠራ ተስማምተናል። የሆነውን ግን እንዳለ እጽፈዋለሁ።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልበል። ከ20ው ቀን ውስጥ ቴምፕሌቱ ራሱ የወሰደብን ሁለት ቀን ቢሆን ነው። ጥቂቱን የበላው የእኛ ችኮላ ነው። ብዙውን የበላው ግን ቴምፕሌቱ ስለ እኛ ሁለት ነገር አለማወቁ ነው፤ ፊደላችንን እና ስማችንን።

ለማያውቀው ሰው በአጭሩ ልንገረው። ላቴክ እንደ ወርድ ገጹን እያሳየ አያጽፍም። ጽሑፉን በተራ ፋይል ላይ ትጽፋለህ። ርዕሱ ይሄ ነው፣ ሠንጠረዡ ይሄ ነው እያልክ በትእዛዝ ታመለክታለህ። ከዚያ ፕሮግራሙ አንብቦ ፒዲኤፍ ያወጣልሃል፤ ይህ ኮምፓይል ማድረግ ይባላል። ከሥሩ ያለውን ቴክ የተባለ ፕሮግራም ዶናልድ ክኑዝ ስታንፎርድ ሆኖ በ1970ዎቹ መጨረሻ ነው የጀመረው። የራሱ መጽሐፍ የአዲስ እትም ናሙና አስቀያሚ ሆኖ ቢመጣበት ጊዜ ነው አሉ የተነሳው። ሌዝሊ ላምፖርት ደግሞ በ1980ዎቹ በላዩ ላይ ላቴክን ሠራ። የስሙ መጨረሻ ላይ ያለችው ፊደል ኤክስ ብትመስልም የግሪኳ ኪ ናት፤ ለዚህ ነው ላቴክስ የማንለው። መጽሔቶች የሚወዱት ቅርጹ ከይዘቱ ስለሚለይ ነው። የገጹን ቅርጽ የሚወስነውን ክላስ ፋይል ብቻ ቀይረህ ያንኑ ጽሑፍ ከአንድ አምድ ወደ ሁለት አምድ ታዞረዋለህ። በወሬ ደረጃ እንደዛ ነው።

ዚፑ

ቴምፕሌቱ የሚወርደው በዚፕ ታሽጎ ነው። ውስጡ ክላስ ፋይሉ፣ የማጣቀሻውን አጻጻፍ የሚወስነው ስታይል ፋይል፣ ናሙና ጽሑፍ፣ ናሙና የማጣቀሻ ዝርዝርና መመሪያው አሉ። መመሪያው 14 ገጽ ነው። ሁለታችንም አላነበብነውም። ይህን በኋላ ከፍለንበታል።

እኔ ጋ ከመምጣቷ በፊት ራሷ ሞክራ ነበር። ዚፑን ሁለቴ ጠቅ አደረገችው፤ ተከፈተ። ናሙናውን ሁለቴ ጠቅ አደረገችው፤ እሱም ተከፈተ። ኮምፓይል ስትለው ግን ክላስ ፋይሉ አልተገኘም አላት። «ይኸው እዚሁ አይደል እንዴ!» እያለች በጣቷ ታሳየኛለች። እውነቷን ነው፤ ስክሪኑ ላይ ይታያል። ነገሩ እንዲህ ነው። ዊንዶውስ ዚፑን እንደ ፎልደር አስመስሎ ያሳይሃል እንጂ ፋይሎቹ ገና አልወጡም። ከውስጡ አንዱን ስትከፍት ያንን አንዱን ብቻ ወደ ጊዜያዊ ቦታ ይገለብጠዋል። ናሙናው ብቻውን ሄደ፤ ክላስ ፋይሉ ዚፑ ውስጥ ቀረ። መፍትሔው መጀመሪያ ሁሉንም ኤክስትራክት ማድረግ ነው። ይህቺን ስህተት ከዚያ በኋላ በሦስት ተማሪዎች ላይ አይቻታለሁ።

ኤክስትራክት ስናደርግ ደግሞ ፎልደሩን «የመጨረሻ የመጨረሻ» ብላ በአማርኛ ሰየመችው። ስሙን ወድጄዋለሁ። ግን ክፍት ቦታ ያለበትና ከላቲን ውጭ የተጻፈ የፎልደር ስም ከእነዚህ ፕሮግራሞች ጋር አይስማማም፤ ዛሬ ቢያልፍህ ነገ ማጣቀሻው ላይ ይይዝሃል። በላቲን ፊደል አንድ አጭር ስም ሰጥቼ ወደ ዲ ድራይቭ አዛወርኩት።

ከዚያ ቀጥሎ ያለው የመጫን ነገር ነው። ላፕቶፗ ላይ ሚክቴክ የሚባለው የላቴክ ጥቅል ነበር፤ ትንሹ ዓይነት። ይህ የጎደለውን ፓኬጅ (የላቴክ ተጨማሪ ፋይሎች ስብስብ) ሲያስፈልገው ከኢንተርኔት እያወረደ የሚሠራ ነው። ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ኔት ላለው። የእኛ ዋይፋይ በስድስተኛው ፓኬጅ ላይ ተቋረጠና ግማሽ ወርዶ ግማሽ ቀረ። ተውነውና ከአንድ ባልደረባ ሃርድ ዲስክ ላይ ቴክላይቭ የሚባለውን ሌላ የላቴክ ጥቅል ሙሉ የመጫኛ ፋይል (አይኤስኦ) ለመውሰድ ወሰንን። ሙሉው አንዴ ከተጫነ ኔት አይጠይቅም። ፍላሼ 16 ጊጋባይት ነው፤ ፋይሉ ግን አልገባም አለ። ቦታ አልጎደለም። ፍላሹ ፋት32 ተብሎ ፎርማት የተደረገ ስለነበረ ነው፤ ይህ ፎርማት ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀበልም። ወደ ኤክስፋት ቀየርነው፤ ገባ። መጫን ጀመርን፤ መብራት ሄደ። ስለ መብራቱ ብዙ አልጽፍም። በሦስተኛው ቀን ቴክላይቭ ተጭኖ ነበር።

«ኦቨርሊፍ እያለላችሁ?» የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ኦቨርሊፍ በብራውዘር የሚሠራ ነው፤ ምንም መጫን የለም፤ ዚፑን እንዳለ ትሰቅለዋለህ፣ አለቀ። ለጀማሪ እኔም የምመክረው እሱን ነው። እሷም ቤቷ ሆና ማታ ማታ በእሱ ትሠራ ነበር። ግን ሥራ ቦታ ኔቱ ሲጠፋ ጽሑፉም አብሮ ይጠፋል። ሌላም ነገር አለ። ኦቨርሊፍ ስህተት ቢያገኝም እንደምንም ዘሎ ፒዲኤፍ ያወጣልሃል። ፒዲኤፉ ሲያምር ከላይ ያለችውን ቀይ ቁጥር ማን ያያል? እኛ አላየናትም። 38 ነበረች።

ክላስ ፋይሉ የት ይቀመጥ?

እዚህ ጋ ጥፋቱ የእኔ ነው። መመሪያው «ክላስ ፋይሉን ኢንስቶል ያድርጉ» ይላል። እኔም ባለሙያ ነኝና በሥርዓቱ አደረግኩት። በሁለታችንም ላፕቶፕ ላይ ቴክ የግል ፋይሎችን የሚፈልግበትን የቤት ፎልደር ሠርቼ፣ ክላሱን በቦታው፣ የማጣቀሻ ስታይሉን በቦታው አስቀመጥኩ። ሠራ። ኮራሁ።

በአምስተኛው ቀን መጽሔቱ የታደሰ ቴምፕሌት እንዳወጣ አየች። አውርዳ ከጽሑፏ ጋር አንድ ፎልደር ውስጥ አስቀመጠችው። ማታ ጽሑፉን ብቻ ላከችልኝ። በእሷ ላፕቶፕ 19 ገጽ፣ በእኔ 21 ገጽ ወጣ። «አንተ ጋ ምን ጨመርክበት?» ትለኛለች። ምንም አልጨመርኩም። አንድ ሰዓት ሙሉ መስመር በመስመር ስናመሳክር ቆየን።

መልሱ ሎግ ፋይሉ ውስጥ ነበር። ቴክ የከፈተውን እያንዳንዱን ፋይል ከነአድራሻው እዚያ ይጽፋል፤ ክላሱም የእትም ቁጥሩን ያስመዘግባል። እሷ ጋ አዲሱ ነው የሚሠራው፤ ከጽሑፉ ጋር አንድ ፎልደር ያለ ፋይል ቅድሚያ አለው። እኔ ጋ ጽሑፉ ብቻውን ስለመጣ ቴክ ሄዶ ከቤት ፎልደሬ አሮጌውን አነሳ። ስህተት ነው ሳይል፣ ዝም ብሎ።

ከሁለታችንም ላፕቶፕ ላይ ሰረዝኩት። ከዚያ ወዲህ አቋሜ ይሄ ነው፦ ለአንድ ጽሑፍ ሲባል ምንም ነገር ሲስተሙ ውስጥ አይገባም። ክላሱም፣ ስታይሉም፣ ጽሑፉም፣ ግራፉም አንድ ፎልደር ውስጥ። ፎልደሩ ሲላክ ሁሉም አብሮ ይላካል። መጽሔቱ ጋም የሚጠብቀን ይኸው እንደሆነ ኋላ ገባኝ።

ከወርድ ወደ ላቴክ ያዞርነው ፓንዶክ በሚባል የፋይል መቀየሪያ ፕሮግራም ነው። አንድ ትእዛዝ ነው፤ ርዕሶቹን፣ አንቀጾቹን፣ ቀመሮቹን ሳይቀር በደንብ ያወጣል። ሠንጠረዦቹ ላይ ግን ተያዝን። ፓንዶክ ሠንጠረዥን የሚጽፈው ከገጽ ወደ ገጽ በሚሻገር ዓይነት ነው፤ ያ ዓይነት ደግሞ በሁለት አምድ ገጽ ላይ ጨርሶ አይሠራም። የመጽሔቱ ገጽ ሁለት አምድ ነው። ሰባቱንም በእጃችን እንደ አዲስ ጻፍናቸው። ማጣቀሻዎቹም ተራ ጽሑፍ ሆነው ስለወጡ ማጣቀሻ ከምታስቀምጥበት ዞቴሮ ከሚባል ፕሮግራም እንደገና አወጣናቸው። ሁለት ቀን።

ፊደል

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ።

ጽሑፉ ስለ ሞክሼ ፊደላት ነው። ሀ፣ ሐ እና ኀ፤ ሰ እና ሠ፤ አ እና ዐ፤ ጸ እና ፀ። አማርኛን በኮምፒውተር የሚሠሩ ሰዎች ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚያደርጉት እነዚህን ወደ አንድ መጨፍለቅ ነው፤ ኃይል፣ ሀይል እና ሐይል ሦስት ቃል ሆነው እንዳይቆጠሩ። እሷ የጠየቀችው ስንጨፈልቅ ምን እናጣለን ብላ ነው። የምትወደው ምሳሌ ከግዕዝ የመጣው ነው፦ በሠ ሲጻፍ ሠረቀ ፀሐይ ወጣች ነው፤ በሰ ሲጻፍ ሰረቀ ሌብነት ነው። እንዲህ ያሉ 96 ቃሎች በሠንጠረዡም በጽሑፉም መሀል ተበትነዋል።

ኮምፓይል አደረግነው። የመጀመሪያው ቃል ላይ ቆመ። የዩኒኮድ ቁጥሩ 1220 የሆነው ሠ የሚባል ነገር አልተዘጋጀልኝም አለ። ቀጥሎ ረ። ቀጥሎ ቀ። ኦቨርሊፍ ላይ ያላየናቸው 38 ስህተቶች እነዚህ ነበሩ፤ ፒዲኤፉ ላይ በቃሎቹ ቦታ ባዶ ነው የቀረው። እኛ የሠንጠረዡ መስመር እንዴት ያምራል ስንል ነበር።

ምክንያቱ የቆየ ነው። መጽሔቱ የሚጠቀመው ፒዲኤፍላቴክን ነው። እሱ ደግሞ ፎንትን የሚያየው በአንድ ጊዜ 256 ቦታ ብቻ ባለው ሠንጠረዥ ነው። ለላቲን ይበቃል። የእኛ ፊደል ግን በዩኒኮድ ከ300 በላይ ምልክት ይዟል። ዜላቴክ እና ሉዋላቴክ የሚባሉት አዳዲሶቹ ግን ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን ማንኛውንም የዩኒኮድ ፎንት ያነባሉ። ቀየርኩና ሞከርኩት። አቢሲኒካ የተባለውን የኤስአይኤል ፎንት ሰጠሁት፤ ነፃ ነው፤ አቀማመጡም ረጋ ያለ ነው። አሥር ደቂቃ አልፈጀም። 96ቱም ቃል ቁልጭ ብሎ መጣ። ሻይ ጋበዘችኝ።

ሻዩ ሳይቀዘቅዝ መመሪያውን ከፈትነው። ገጽ 3፦ ምንጭ ፋይሉ በፒዲኤፍላቴክ ብቻ መውጣት አለበት፤ ከተዘረዘሩት ፓኬጆች ውጭ መጨመር አይቻልም።

ለአርታኢው ጻፈች። በሁለተኛው ቀን ትሕትና የተሞላበት መልስ መጣ፦ የአማርኛ ቃሎቹን በላቲን ፊደል ብትጽፊያቸውስ? ይህን ስታነብ አጠገቧ ነበርኩ። «ሁለቱንም ሠ በኤስ ጽፌ፣ ልዩነታቸው ይኸው ብዬ ላሳይ?» አለች። በምሁራኑ አጻጻፍ ከላይ ምልክት እየጨመሩ መለየት እንደሚቻል እሷም ታውቃለች። ግን ጽሑፉ ኮምፒውተሩ ፊደሉን ሲያይ ምን ያያል የሚል ነው። ፊደሉ ከሌለ ጽሑፉም የለም።

ለፒዲኤፍላቴክ የተሠራ የግዕዝ ፊደል ፓኬጅ የለም እንዳይመስላችሁ። ኢቲዮፕ የሚባል አለ፤ እነ ብርሃኑ በየነ ከጀርመን ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው የሠሩት፤ በላቲን ተጽፎ በፊደል የሚወጣ። ቴክላይቭ ውስጥ ተጭኖ አግኝቼው ደስ ብሎኝ ነበር። ከመጽሔቱ ዝርዝር ውስጥ ግን የለም።

የቀረን አንድ መንገድ ነው። ሥዕል አይከለከልም። ስለዚህ እያንዳንዱን ቃል ሥዕል አደረግነው። ዘዴው ይሄ ነው። ስታንድአሎን የሚባል ክላስ አለ፤ ገጹን በይዘቱ ልክ ከርክሞ የሚያወጣ። በዜላቴክ 96 ገጽ ያለው አንድ ፒዲኤፍ ሠራን፤ በእያንዳንዱ ገጽ አንድ ቃል። ከዚያ ዋናው ጽሑፍ ውስጥ ቃሉ በሚገባበት ቦታ ገጽ 17ን አምጣ፣ ገጽ 18ን አምጣ እያልን አስገባን። ፒዲኤፍ ስለሆነ ቢያጎሉት አይደበዝዝም።

የመጀመሪያው ውጤት አስቂኝ ነበር። ሁሉንም እኩል ቁመት ስጥ ብዬው ነበር። ክርከማው ቃሉን ተጠግቶ ስለሚቆርጥ፣ አጫጭር ፊደላት ብቻ ያሉበት ቃል ተለጥጦ ገዘፈ፤ እንደ ቋ ያለ እግሩ ወደ ታች የሚወርድ ፊደል ያለበት ደግሞ ኮሰመነ። አንዱ አረፍተ ነገር ውስጥ አንድ ቃል ይጮኻል፣ አንዱ ያንሾካሹካል። በዚያ ላይ ሁሉም ከመስመሩ ከፍ ብለው ተንጠልጥለዋል። ሙሉ ከሰዓት ፈጀብኝ። በመጨረሻ በእያንዳንዱ ቃል ጎን የማይታይ ቋሚ ዘንግ አቆምኩ፤ ከረጅሙ ፊደል ጫፍ እስከ ረጅሙ እግር ግርጌ የሚደርስ። እንደዚያ ሲሆን 96ቱም ገጾች እኩል ቁመት አላቸው። መለጠጡን ትቼ በተፈጥሮ መጠናቸው አስገባኋቸው፤ ሁሉንም በአንድ ልክ ዝቅ አደረግኋቸው። መስመሩ ላይ ተቀመጡ።

አንድ ጉዳት አለው፤ መደበቅ አያስፈልግም። ሥዕል አይፈለግም። ስለ ቃል ፍለጋ የተጻፈ ጽሑፍ ከፍተህ ሠረቀን ብትፈልግ አታገኘውም። ይህን ስነግራት ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ 96ቱን ቃሎች በተራ የዩኒኮድ ፋይል በቁጥር ዘርዝራ ተጨማሪ ፋይል አድርጋ አያያዘችው።

በነገራችን ላይ ስድስት ቃሎች በጭራሽ ፊደል ሆነው አልወጡም ነበር። ፓንዶክ ያወጣቸው የላቲን ፊደልና የጥያቄ ምልክት ድብልቅልቅ አድርጎ ነው። ከድሮ የመመረቂያ ረቂቋ ቀድታ ያመጣቻቸው ናቸው። የእኛ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ከዚያ በፊትም፣ በኋላም ለብዙ ዓመት፣ ሰው የሚጽፈው በላቲን ፊደላት የኮድ ቁጥሮች ላይ የግዕዝ መልክ በሚያለብሱ ፎንቶች ነበር። ፎንቱ ሲወልቅ ከሥር ያለው ላቲን ይወጣል። ወርድ ላይ ለዓመታት ሲያምር የኖረው ለዚህ ነው። እንደገና ጻፈቻቸው።

ስም

ቴምፕሌቱ ስለ ደራሲ ሁለት ቦታ አለው፦ ስም እና የቤተሰብ ስም። የገጹ ራስጌ ላይ የሚወጣውም፣ ሰው የሚጠቅሰውም ሁለተኛው ነው።

የእሷ የቤተሰብ ስም የለም። የማናችንም የለም። ያለው የአባት ስም ነው። «አባቴ መሃይም ሆኖ ኖሮ ስንት ጥናት አሳተመ በለኛ» አለች እየሳቀች። ከዚህ በፊት ያሳተመቻቸው ሁለት ጽሑፎች በአባቷ ስም ተመዝግበዋል። አሁን ብትቀይር ሌላ ሰው ትሆናለች። አማካሪዋን ጠየቀቻቸው፤ ሦስተኛ ደራሲ ናቸው። «ልጄ፣ እኔ በአባቴ ስም ስጠራ 30 ዓመት ሆኖኛል። አሁን አትንኪኝ» አሏት። እሷም በነበረው ቀጠለች፤ ተመራማሪን ከስሙ ውጭ የሚለየውን ኦርኪድ የሚባል መለያ ቁጥሯን ግን አስገባች። ሁለተኛው ደራሲ የባሰ ነው። የአባቱ ስም ገብረ ብሎ የሚጀምር ሁለት ቃል ነው። ቴምፕሌቱ ገብረን ከእሱ ስም ጋር አጣብቆ የቀረችውን ቃል ብቻ የቤተሰብ ስም አደረጋት።

ይህ በማጣቀሻው ዝርዝር ላይ ይብሳል። ቢብቴክ የሚባለው ማጣቀሻ አዘጋጅ ስምን የሚያነብበት ሕግ አለው፦ ኮማ ከሌለ የመጨረሻው ቃል የቤተሰብ ስም ነው። ስለዚህ የሥነ ልሳን ምሁሩ ፕሮፌሰር ባየ ይማም «ይማም፣ ባ.» ሆነው ይወጣሉ። ጂኦግራፈሩ ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም ደግሞ «ማርያም፣ መ. ወ.» ይሆናሉ፤ በውጭ ጽሑፎች ላይ እንዲህ ተጠቅሰው ያላየ ካለ ብዙ አላነበበም። ወልደ በትንሹ የላቲን ፊደል ከተጻፈማ ቢብቴክ ጀርመኖቹ መኳንንት ስም ላይ እንደሚጨምሩት «ፎን» ይቆጥረዋል። ሰውዬው ሳያውቁት ባላባት ይሆናሉ።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ስሙን ሙሉውን በአንድ ተጨማሪ ጥምዝ ቅንፍ ውስጥ ማስገባት። ቢብቴክ እንደ አንድ ቃል ያየዋል፤ አይቆርጠውም፣ አያገላብጠውም። ይህን ስናደርግ የኢትዮጵያውያኑ ሙሉ ስም፣ የሌሎቹ በምህጻረ ቃል ወጣ። መጽሔቱ ይቀበላል ወይ ብላ ሰጋች። ሀምቡርግ ላይ የተዘጋጀው ኢንሳይክሎፒዲያ ኢትዮፒካም ኢትዮጵያውያንን የሚያስቀምጠው በራሳቸው ስም ተራ ነው አልኳት። ከጠየቁ ይህንን እንነግራቸዋለን ብለን ተውነው። አልጠየቁም።

ዓመተ ምሕረቱም ነበር። አገር ውስጥ የታተሙት መጻሕፍት ዓመት በእኛ አቆጣጠር ነው የተመዘገበው፤ ከዚያኛው ሰባት ስምንት ዓመት ይዘገያል። እንዳለ ብትተወው ማንም አይነግርህም፤ መጽሐፉ ብቻ በዝምታ ያረጃል። በዓመት ቦታው የፈረንጁን አስገባን፤ የእኛውን በማስታወሻ መስኩ ላይ «1987 ዓ.ም.» እያልን በላቲን አስከተልን።

ማጣቀሻዎቹ መጀመሪያ ሁሉም የጥያቄ ምልክት ሆነው ወጥተው ደንግጣ ደውላልኛለች። አንዴ ብቻ ኮምፓይል አድርጋ ነው። ላቴክ፣ ከዚያ ቢብቴክ፣ ከዚያ ሁለቴ ላቴክ ነው ሥርዓቱ፤ አንዱ የጻፈውን ሌላው እስኪያነበው። ላቴክኤምኬ የሚባለው ትእዛዝ ሁሉንም በአንዴ ይጨርሰዋል።

መላክ

በ17ኛው ቀን ሁሉም ነገር በእኛ ላፕቶፕ ላይ ያለ አንድ ስህተት ይወጣል። ላክነው። በማግስቱ ተመለሰ። ግራፎቹን ለብቻቸው ፎልደር ውስጥ ሸክፌያቸው ነበር፤ የመጽሔቱ ሲስተም የውስጥ ፎልደር አያውቅም፤ ሁሉንም አንድ ላይ ይዘረግፈዋል። አወጣኋቸው፤ እንደገና ላክን።

ተመለሰ። አሁን ደግሞ ሦስተኛው ግራፍ አልተገኘም። አለ'ኮ! ፋይሉ አለ፤ ስሙ ትክክል ነው። ግማሽ ቀን አፈጠጥንበት። ያየችው እሷ ናት። ፋይሉ መጨረሻው ላይ ፒኤንጂ የሚለውን በትልልቅ የላቲን ፊደል ይዟል፤ ጽሑፉ ውስጥ ግን በትንንሽ ነው የጠራነው። ለዊንዶውስ አንድ ናቸው። የመጽሔቱ ሰርቨር ግን በሊኑክስ ነው የሚሠራው፤ ለሊኑክስ ሁለት የተለያዩ ፋይሎች ናቸው። «አየህ» አለችኝ፣ «እነሱም ሞክሼ ፊደል አላቸው።»

የግራፎቹ ፎንት ላይም አንድ ማስጠንቀቂያ መጣ። በፓይተን ማትፕሎትሊብ የተሠሩ ነበሩ። እሱ ካልነገርከው ፊደሎቹን ታይፕ 3 በሚባል ዓይነት ነው ፒዲኤፉ ውስጥ የሚያስገባው፤ ብዙ አሳታሚዎች ይህን አይቀበሉም። ቅንብሩን ወደ ታይፕ 42 ቀይረን ግራፎቹን በፒዲኤፍ እንደገና አወጣን። አንድ መስመር ነው። የቢብቴክን ውጤት የያዘውንም ፋይል አብረን ጨመርን፤ እነሱ ጋ ቢብቴክ ባይሄድ እንኳ ዝርዝሩ እንዳይጠፋ። በ20ኛው ቀን ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ገባ። አልተመለሰም።

ከስድስት ሳምንት በኋላ የሕትመቱ ናሙና መጣ። ያምራል። 96ቱም ቃል መስመሩ ላይ ተቀምጧል። ከናሙናው ጋር ከአቀናባሪዎቹ የመጡ 11 ጥያቄዎች ነበሩ፤ ብዙዎቹ ስለ ኮማ ናቸው። ዘጠነኛውን ስታነብ ከፎቅ ሆና ሳቋ እኔ ቢሮ ድረስ ተሰማ። ወርዳ አሳየችኝ።

«ሥዕል 41 እና ሥዕል 42 አንድ ዓይነት ይመስላሉ። አንዱን እናውጣው?»

ሥዕል 41 ፀሐይ ነው። ሥዕል 42 ጸሐይ ነው። በመልስ መስጫው ሳጥን ውስጥ የጻፈችው ሁለት አረፍተ ነገር ነው፦ «አይውጣ። ጽሑፉ ስለዚሁ ነው።»